ውሃ የተሞላ የትራክተር ጎማ በቆቦ ሜዳ፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በሰሜን ወሎ፣ በቆቦ ሜዳ በኪራይ የሚያርስ አንድ ትራክተር የኋላ ጎማዎቹ ማሳ ውስጥ ባዶውን እየዞሩ ባለንብረቱን ለኪሳራ ዳርገውት ነበር። በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ የኋላ ጎማዎቹን በከፊል ውሃ ሞልቶ ትራክተሩን ማክበድ ሆነ። አሠራሩ በሌሎች አገሮች የቆየ ቢሆንም በአካባቢያችን በደንብ የሚያውቁት ጥቂት ናቸው፤ የሚሠሩትም አብዛኛውን ጊዜ ሳይለኩ በግምት ይሠሩታል። ጉዳዩን በጽሑፍ ለማቆየት የፈለግሁት በዚሁ ምክንያት ነው፤ እዚህ እያንዳንዱ እርምጃ ከመወሰዱ በፊትና በኋላ ስለተለካ፣ ውሃው ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ ለይቶ መናገር ይቻላል። ባለንብረቱን፣ ኦፕሬተሩንና ጎሚስታውን በስም አልጠቅስም።

የቦታውና የትራክተሩ ሁኔታ

ቆቦ ከወልድያ በስተ ሰሜን፣ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ሜዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ደግሞ በደጋው ግድግዳ የተከበበ ሸለቆ ነው። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ለዘመናት ደለል ሲያነጥፍበት ስለኖረ አፈሩ ጥልቅ ነው፤ አንዳንዱ ማሳ ደቃቅ ደለል ሲሆን አንዳንዱ ደግሞ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ የሚያጣብቅ ዋልካ ነው። ዋናዎቹ ሰብሎች ማሽላና ጤፍ ናቸው። ሜዳው ሰፊና ድንጋይ ያልበዛበት በመሆኑ ለትራክተር እርሻ ይመቻል፤ የከብት ኃይል ያነሰው ገበሬም ማሳውን በኪራይ ማሳረስ ለምዷል።

ትራክተሩ 75 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚነዳ ነው። የኋላ ጎማዎቹ መጠን 18.4-30፣ የፊቶቹ 7.50-16 ሲሆን ሁሉም ካላማዳሪ (በጎማው ውስጥ ሆኖ ነፋሱን የሚይዝ ላስቲክ) አላቸው። የሚጎትተው ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ነው። ከእርሻ ወቅት ውጭ ደግሞ ተጎታች ተቀጥሎለት አሸዋና ድንጋይ ያመላልሳል፤ ይህ ድርብ አገልግሎት በኋላ እንደምናየው ለችግሩም ለመፍትሔውም ትልቅ ትርጉም ነበረው።

በአንድ የእህል መጋዘን የተሽከርካሪ ሚዛን ላይ ማረሻው ተፈትቶ ሲመዘን ጠቅላላ ክብደቱ 2,850 ኪሎ ግራም ሆነ። ከዚህ ውስጥ 1,880ው በኋላ ጎማዎች፣ 970ው በፊት ጎማዎች ላይ ያረፈ ነበር።

ችግሩ

ማሽላው ተሰብስቦ የደረቀው ማሳ መታረስ ሲጀምር፣ በጥርና በየካቲት፣ ትራክተሩ ማረሻውን በሚፈለገው ጥልቀት መጎተት አቃተው። ኦፕሬተሩ ለባለንብረቱ ያቀረበው አቤቱታ አጭር ነበር፦ «ጋሼ፣ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ማሳው አያልቅም።» ሞተሩ ጉልበት አላነሰውም፤ ጭሱም ድምፁም ጤነኛ ነበር። ጉልበቱ መሬት ላይ ሳያርፍ ጎማው ሥር እየባከነ ነበር።

ይህን ለመረዳት ጎማው ያለፈበትን መስመር ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃል። መሬት የያዘ ጎማ የጥርሱን ቅርጽ በአፈሩ ላይ ያትማል፤ የኅትመቱ መሐል ትንሽ ተደምስሶ ዳር ዳሩ ይታያል። እዚህ ግን ቅርጹ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ጎማው አፈሩን እያሸ ወደ ዱቄት ለውጦታል፤ ከዱቄቱ ሥር ያለው ጠንካራ ንጣፍ ደግሞ በላስቲኩ ተወልውሎ ያብለጨልጭ ነበር።

ኦፕሬተሩ ማሳው እንዲያልቅለት ማረሻውን ከፍ አደረገ። ትራክተሩ ፈጠነ፤ ገበሬዎቹ ግን «ጫረው እንጂ አላረሰውም» እያሉ ክፍያ መቀነስ ጀመሩ። ኪራዩ በሄክታር የሚከፈል፣ ናፍጣው ደግሞ በባለንብረቱ የሚሸፈን ስለሆነ፣ ባዶውን የሚዞር ጎማ የሚበላው ከባለንብረቱ ኪስ ነው። ታንከሩን እስከ አፉ ሞልቶ፣ የተለካ ማሳ አርሶ፣ እንደገና እስከ አፉ በመሙላት ሲሰላ ትራክተሩ በሄክታር 27 ሊትር ናፍጣ ይፈጅ ነበር።

ባለንብረቱ ከዚህ በፊት የራሱን መፍትሔ ሞክሮ ነበር፤ አሸዋ የተሞሉ ጆንያዎችን በማረሻው ፍሬም ላይ አስሯል። ሐሳቡ ከመሠረቱ ስሕተት አልነበረም፤ ክብደት እንደሚያስፈልግ ተረድቷል። ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታ ግን አደገኛ ነበር። ከኋላው አክስል በስተ ኋላ የሚጫን ሸክም አክስሉን እንደ መደገፊያ ተጠቅሞ የትራክተሩን ፊት ወደ ላይ ያነሣል። ማረሻው ተነሥቶ የቦይ ጠርዝ ሲሻገር የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ለቀው መሪው እንዳልታዘዘው ኦፕሬተሩ ነግሮኛል። ትራክተር ወደ ኋላ ተገልብጦ ሰው የሚገድለው በእንዲህ ዓይነቱ አጋጣሚ ስለሆነ ጆንያዎቹ በዚያው ቀን እንዲወርዱ ተደረገ።

መንሸራተቱ እንዴት ተለካ

መለኪያው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በኋላው ጎማ ጎን ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል፤ ምልክቱ ወደ መሬት ሲደርስ በማሳው ላይ ችካል ይተከላል፤ ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር ሁለተኛ ችካል ይተከላል፤ ከዚያም በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሜትር ይለካል። ይህ በመጀመሪያ ማረሻው ተነሥቶ፣ ቀጥሎ በዚያው ማሳና በዚያው ማርሽ ማረሻው በሙሉ ጥልቀት እየሠራ ይደረጋል።

ማረሻው ተነሥቶ 46 ሜትር ተሄደ። ማረሻው መሬት ገብቶ ሲሠራ ግን በዚያው 10 ዙር የተሄደው 33 ሜትር ብቻ ነበር። ልዩነቱ 13 ሜትር፣ ማለትም የ46ቱ 28 በመቶ ነው፤ መንሸራተት የምንለው ይህን ነው። በኋላ ጎማ ብቻ ለሚነዳ ትራክተር በማሳ ላይ ተገቢ የሚባለው መንሸራተት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ፈጽሞ አለመንሸራተትም ጤና አይደለም፤ ከ8 በመቶ በታች ሲሆን ትራክተሩ ከሚገባው በላይ ከብዶ ጉልበቱን ራሱን በመሸከም እየጨረሰና ካምቢዮውንና የኋላውን አክስል የውስጥ ጥርሶች እያስጨነቀ መሆኑን ያሳያል። እንደ እኔ እምነት አንድ ትራክተር ያለው ሰው ከማናቸውም ወጪ በፊት ይህን ልኬት መውሰድ አለበት። ችካልና ሜትር ያልነካ ሰው ትልቅ ትራክተር ለመግዛት ብድር ሲጠይቅ ማየት ያሳዝነኛል።

ከውሃው በፊት የተስተካከሉ ነገሮች

የጎማዎቹ አየር ሲለካ የኋላዎቹ 2.2 ባር (ባር የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ነፋስ ይዘው ተገኙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አሸዋ ሲያመላልሱ ጎማው እንዳይተኛ የተነፋው ነፋስ በእርሻ ወቅት አልተቀነሰም። እንዲህ የጠነከረ ጎማ ሆዱ ብቻ መሬት ይነካል፤ ዳር ዳሩ ያሉት ጥርሶች በአየር ላይ ይቀራሉ። በአምራቹ መመሪያ ላይ ለዚያ መጠን ጎማና ለተመዘነው ሸክም ከተሰጠው ገደብ ሳይወርድ ነፋሱ ወደ 1.2 ባር ዝቅ ተደረገ። የደነዙት የማረሻ ዲስኮች ተሳሉ፤ ዲስኮቹ ወደ መሬት የሚገቡበት ዘንበል ማለትም ተስተካከለ።

ከዚህ በኋላ ልኬቱ ተደገመ። ማረሻው ተነሥቶ 45.5 ሜትር፣ እየሠራ 35 ሜትር ሆነ፤ መንሸራተቱ ከ28 ወደ 23 በመቶ ወረደ ማለት ነው። የወጣው ገንዘብ የሞረድና የጎሚስታ የእጅ ዋጋ ብቻ ነበር። ለውጡ ደስ ቢያሰኝም ከሚፈለገው ገና ሩቅ ስለነበር ክብደት መጨመር ግድ ሆነ።

የብረት ክብደት ወይስ ውሃ

ለኋላ ጎማ ተብሎ የሚሠራ የብረት ክብደት ከሁሉም ይመረጣል፤ በአጭር ጊዜ ይታሰራል፣ ይፈታል፣ የጎማውንም ልስላሴ አይነካም። ሆኖም ለዚያ ሞዴል የሚስማማው በአካባቢው ገበያ አልተገኘም። ውሃ ግን በሸለቆው ከሚገኙት የመስኖ ጉድጓዶች በቀላሉ ይቀዳል። በተጨማሪም የጎማው ዓይነት ለውሃ የሚመች ነበር። የጎኑ ክር ተሻግሮ የተነባበረ ጠንካራ ጎማ ውሃን በደንብ ይችላል፤ ጎኑ እንዲለሰልስ ሆኖ የተሠራው ራዲያል ጎማ ግን ብዙ ውሃ ሲገባበት ዋና ጥቅሙን ስለሚያጣ አምራቾች የሚመክሩለት መጠን በጣም ያነሰ ነው።

በዚህ ጊዜ ባለንብረቱ «ጨው ብንጨምርበትስ? ውሃው ይከብድ የለም?» ሲል ጠየቀ። የአፋር ጨው ለቆቦ ቅርብ ስለሆነ ጥያቄው የሚጠበቅ ነው። ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ውሃው ሊሟሟለት የሚችለውን ያህል ጨው ቢጠግብ ከተራ ውሃ በ20 በመቶ ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ በአንድ ጎማ የሚገኘው ትርፍ 50 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን ለዚህም ወደ 80 ኪሎ ግራም ጨው ያስፈልጋል። በአንጻሩ ካላማዳሪው አንድ ቀን እሾህ ቢወጋው ወይም ቫልቩ ቢያፈስ ጨዋማው ውሃ ቸርኬውን ከውስጥ ይበላዋል፤ ጉዳቱ የሚታየውም ጎማው ሲፈታ ብቻ ነው። በብርዳማ አገሮች ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለውን ጨው የሚጨምሩት ከክብደቱ ይልቅ ውሃው እንዳይረጋ ሲሉ ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ ዝገቱን ያማርራሉ። ውርጭ በማያሰጋው በቆቦ ሜዳ ንጹሕ ውሃ እንዲገባ ተስማማን።

ውሃው የተሞላበት አሠራር

18.4-30 ጎማ ሦስት አራተኛው ሲሞላ 250 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። ሦስት አራተኛ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። የቀረው አየር መንገዱ ሲጎረብጥ የሚታመቅና የሚላቀቅ ትራስ ሆኖ ያገለግላል፤ ውሃ ግን አይታመቅም። ልኩን ለማወቅም ቀላል ዘዴ አለ፦ ቫልቩ በቸርኬው ላይኛ ጫፍ ሆኖ ውሃው ቫልቩ ጋ ሲደርስ ጎማው ወደ ሦስት አራተኛ ሞልቷል ማለት ነው።

ትራክተሩ ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ የፊት ጎማዎቹ ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ተደገፉ። የኋላው አክስል በክሪክ ከፍ ተደርጎ የጎማው ሸክም ቀለለ። ቫልቩ ወደ ላይ እንዲሆን ጎማው ከዞረ በኋላ የቫልቩ ውስጠኛ ፍሬ ወጥቶ ነፋሱ እንዲተነፍስ ተደረገ። በጭነት መኪና ላይ ከተጫነ በርሜል አንድ የፕላስቲክ ቱቦ ተዘርግቶ ከቫልቩ ጋር ተያያዘ። አየር የሚያስወጣ ልዩ መግጠሚያ ስላልነበረ ውሃው ጥቂት ከገባ በኋላ ውስጡ የታፈነው አየር ይገፋዋል፤ በዚህ ጊዜ ቱቦው ተነቅሎ ጎማው እንዲተነፍስ ይደረግና ሥራው ይቀጥላል። ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አይከብድም።

የመጀመሪያው ጎማ ላይ ግን ስሕተት ተፈጠረ። ጎሚስታው ቱቦው እንዲቀርበው ብሎ ጎማውን አዙሮ ቫልቩን ወደ ታች አወረደው። ቫልቩ ታች ሲሆን የላዩ አየር መውጫ ስለሌለው ከበርሜሉ የሚወርደው ውሃ ጥቂት እንደገባ ይቆማል፤ ቱቦው ሲነቀልም የሚወጣው አየሩ ሳይሆን ውሃው ነው። በበርሜሉ ላይ በተሰመረው ልክ ሲታይ የገባው ውሃ ከሚፈለገው በጣም ያነሰ ነበር።  ቫልቩ ተመልሶ ወደ ላይ ሲዞር የታፈነው አየር ወጣ፤ ሥራውም በትክክለኛው መንገድ ቀጠለ። ሁለተኛው ጎማ ከመጀመሪያው ጀምሮ በትክክለኛው መንገድ ተሞላ።

በመጨረሻ የቫልቩ ፍሬ ተመልሶ በኮምፕሬሰር ነፋሱ ወደ 1.2 ባር ተሞላ። ውሃ ያለበት ጎማ ነፋሱ ሲለካ ቫልቩ ሁልጊዜ ወደ ላይ መሆን አለበት፤ ታች ከሆነ የውሃው ክብደት ንባቡን ከፍ ያደርገዋል፣ ውሃም ወደ መለኪያው ይገባል።

የተገኘው ውጤት

ትራክተሩ እንደገና ሲመዘን በኋላ ጎማዎቹ ላይ 490 ኪሎ ግራም ተጨምሮ ጠቅላላ ክብደቱ 3,340 ሆነ። ከዚህ ውስጥ 29 በመቶው በፊት ጎማዎች ላይ ነበር፤ በኋላ ጎማ ብቻ ለሚነዳ ትራክተር ከ25 እስከ 35 በመቶ ፊት ላይ ማረፉ ተገቢ ስለሆነ ሚዛኑ አልተበላሸም። የውሃው አንድ ጥሩ ጎን፣ በጎማው ውስጥ በቀጥታ መሬት ላይ ስለሚያርፍ የአክስሉን ኩሽኔታዎች የማይጫን መሆኑ ነው።

በዚያው ማሳ ላይ ባዶው ርቀት 45.5 ሜትር፣ እየታረሰ ደግሞ 39 ሜትር ሆነ፤ መንሸራተቱ ወደ 14 በመቶ ወረደ። ማረሻው ወደ ቀድሞ ጥልቀቱ ሲመለስም የጥርሱ ኅትመት በአፈሩ ላይ መታየት ጀመረ። የናፍጣው ፍጆታ በሄክታር ከ27 ወደ 22 ሊትር ቀነሰ። ይህ ቅናሽ የውሃው ብቻ አይደለም፤ የነፋሱና የዲስኮቹ መስተካከልም ድርሻ አለው።

ያልተሳካው

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጠና ባለንብረቱ ትራክተሩ አሁን ስለከበደ ለጤፍ የሚዘጋጀውን እርጥብ ዋልካ ይደፍራል ብሎ አሰበ። አልደፈረም። በጥርሶቹ መካከል ጭቃ ሞልቶ ጎማው ልሙጥ ሆነ፤ የተጨመረው ክብደትም ትራክተሩን ይበልጥ አሰመጠው። ሥራው ወዲያው እንዲቆም ተደረገ፤ ጎማው ያለፈበት መስመር ግን ሲደርቅ እንደ ጡብ ጠንክሮ ቀረና የማሳው ባለቤት በትክክል ቅር አለው። ክብደት የሚረዳው አፈሩ ራሱ ጎማውን ለመሸከም የሚያስችል ጥንካሬ ሲኖረው ነው። እርጥብ ዋልካን ከባድ ትራክተር ሲረግጠው አፈሩ ታምቆ ሥር የማያሳልፍ ንጣፍ ይፈጠራል፤ ጉዳቱም በአንድ ክረምት አይጠፋም። ዋልካ ላይ ቀኑን መጠበቅ እንጂ ትራክተሩን ማክበድ አይጠቅምም።

የፊት ጎማዎቹንም ውሃ ለመሙላት ሐሳብ ቀርቦ ነበር። 7.50-16 ጎማ የሚይዘው ውሃ ግን ጥቂት ስለሆነ የሚያመጣው ለውጥ ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም፤ ፊት ከቀለለ በትራክተሩ አፍንጫ ላይ የሚንጠለጠል የብረት ክብደት ይሻላል።

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰደው

በደቡብ ወሎ ጃማ ሜዳ ወይም በደላንታ አምባ ላይ ትራክተር ያለው ሰው ይህን አሠራር እንዳለ መቅዳት የለበትም። ሁለቱም ሰፊ ዋልካ ያለባቸው ደጋዎች ስለሆኑ የእርጥበቱ ጉዳይ ከቆቦ ይልቅ ይጠናባቸዋል። መኸር ላይ ውርጭ በሚወርድባቸው ሌሊቶች ደግሞ በጎማው ያለው ብዙ ውሃ በአንድ ሌሊት ሙሉ በሙሉ ባይረጋም ቫልቩ ውስጥ ያለው ሊረጋ ይችላል። ውሃው በብርድ የረጋበትን ጎማ መንዳት ካላማዳሪውን ይቆርጣል፤ ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ጠዋት ፀሐይ ሳይሞቅ ትራክተሩን አለማንቀሳቀስ ወይም ከውርጩ ወራት በፊት ውሃውን ማፍሰስ ይበጃል። የሞተር ፀረ በረዶ ፈሳሽ መጨመር እንደ መፍትሔ ቢነገርም ኤቲሊን ግላይኮል ያለበት ዓይነት መርዛማ ነው፤ ጎማው ማሳ ላይ ወይም ከብት በሚጠጣበት ውሃ አጠገብ ቢቀደድ የሚያስከትለውን ማሰብ ያስፈልጋል።

ክብደት በሚጨመርበት ጊዜ የትራክተሩ መመሪያ ከሚፈቅደው ጣሪያ አለማለፍ፣ ከዚያም ልኬቱን መድገም ያስፈልጋል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ በውሃ አይታደስም፤ ግማሽ በግማሽ ያለቀ ጎማ ላይ ውሃ ሞልቶ ተአምር መጠበቅ ገንዘብንም ጊዜንም ማባከን ነው።

ለጎሚስታዎች በተለይ አንድ ነገር አሳስባለሁ። ውሃ የያዘ የኋላ ጎማ ከቸርኬው ጋር ብዙ መቶ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ውሃው ሳይፈስ መፈታት የለበትም፤ ከወደቀ የሚያቆመው ሰው የለም። ባለንብረቱ ይህን ለማያውቅ ሰው እንዲታይ በሁለቱም ቸርኬዎች ላይ «ውሃ አለበት» ብሎ በቀለም አስጽፏል፤ ሌሎችም እንዲያደርጉት እመክራለሁ።

የመጓጓዣ ወቅት ሲደርስ ባለንብረቱ ውሃውን ለማፍሰስ ወሰነ። ግማሽ ቶን ያህል ትርፍ ክብደት ይዞ በአስፋልት ላይ ተጎታች መጎተት ናፍጣ ይበላል፤ ፍሬን ሲያዝም ትራክተሩ ለመቆም የሚወስደውን ርቀት ያረዝማል። ቫልቩ ወደ ታች ዞሮ ፍሬው ሲወጣ ከላይ ያለው አየር ውሃውን ገፍቶ አስወጣው፤ ከቫልቩ በታች የቀረው ጥቂት ውሃ ጉዳት የለውም። ውሃው የወጣው ጎማ ለተጎታቹ ሸክም በሚስማማው ነፋስ ተነፋ። ባለንብረቱ ለመጪው ጥር ጎማዎቹን እንደገና በውሃ ለመሙላት አቅዷል፤ የብረት ክብደት ከተገኘለት ደግሞ ውሃውን በብረት ይተካዋል።